በአሮጌ ፎቶ ውስጥ ያለ መኪና ፎቶው የተነሳበትን ዘመን እንዴት ይናገራል?

በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቤቶች፣ ከሳጥን ሥር ወይም ከአሮጌ አልበም ገጾች መካከል፣ አንድ ዓይነት ፎቶ አይጠፋም። ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት የመኪና ፓራፋንጎ ተደግፎ ቆሟል። ጫማው ተወልውሏል፤ ፊቱ ላይ ኩራት ይነበባል። ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ አራት አሃዞች ብቻ ተጽፈዋል፦ 1948። ወጣቱ ማን እንደሆነ ቤተሰቡ ያውቃል። ፎቶው የት እንደተነሳ፣ ቁጥሩ የትኛውን የዘመን አቆጣጠር እንደሚያመለክት፣ መኪናውስ የማን እንደነበረ የሚያውቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት የሉም።

እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን የሚሰበስቡ፣ እርስ በርስ የሚለዋወጡ፣ "ይህ የምን ሥሪት ነው? የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል ነው?" እያሉ የሚመራመሩ የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች በአዲስ አበባ፣ በአሥመራ እና በናይሮቢ ብቻ ሳይሆን በስደት በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ዘንድም አሉ። ከሩቅ ለሚመለከታቸው ሥራቸው የጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። ይሁንና አብዮት፣ ጦርነትና ስደት የቤተሰብ ሰነዶችን በበተኑበት በዚህ ቀጣና፣ በፎቶ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የልደት ቀኑ በእርግጠኝነት ሊታወቅ የሚችለው ብዙ ጊዜ መኪናው ብቻ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አባት ያሰፋውን ኮት ልጅ ሊለብሰው ይችላል። ተራራና ዛፍ ዓመት አይቆጥሩም። መኪና ግን የፋብሪካ ውጤት ነው። አንድ ሞዴል መቼ ማምረቻውን ለቆ እንደወጣ፣ መቼ መብራቱ እንደተቀየረ፣ መቼ የበሩ ማጠፊያ ቦታውን እንደለወጠ፣ አንዳንዴም እስከ ወሩ ድረስ፣ ተመዝግቦ ይገኛል። መኪናው ከመመረቱ በፊት ደግሞ ፎቶ ሊነሳ አይችልም።

ለዚህ እጅግ የሚያመቹት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት የአሜሪካ መኪኖች ናቸው። ኩባንያዎቹ ደንበኞቻቸው ባላቸው እንዳይረኩ የመኪናውን ገጽታ በየዓመቱ ይለዋውጡ ነበር። የ1955 ሼቭሮሌት የፊት ፍርግርግ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያሉት፣ ወንፊት የሚመስል ነው። በ1956 ፍርግርጉ ከመብራት እስከ መብራት ተዘረጋ። በ1957 ከኋላ በኩል ሹል ክንፎች ወጡለት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ አራት የፊት መብራቶች በአሜሪካ መኪኖች ላይ በስፋት የታዩት ደግሞ በ1958 ሞዴሎች ነው። ለገዢው ኪስ ጎጂ የነበረው ይህ የንግድ ብልሃት ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ለታሪክ ፈላጊው ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለት አቆጣጠር፣ አንድ መኪና

ከፎቶ ጀርባ የተጻፈ ቁጥር በብዙ አገር ክርክሩን ይዘጋዋል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ግን ክርክሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ እንደ ወሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ የሚዘገይ በመሆኑ፣ "1948" የሚለው ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ዘመናትን ሊያመለክት ይችላል። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም የአየር መንገድ ባልደረባ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊጽፍ ይችላል፤ እናቱ ደግሞ ያንኑ ፎቶ በአገሯ አቆጣጠር ትጽፍበታለች።

ወጣቱ የተደገፈው መኪና ያ ወንፊት መሰል ፍርግርግ ያለው የ1955 ሼቭሮሌት ነው እንበል። በ1948 እአአ ይህ መኪና በንድፍ ወረቀት ላይ እንኳ አልነበረም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1948 ዓ.ም. የሚባለው ግን ከመስከረም 1955 እስከ መስከረም 1956 እአአ ያለው ጊዜ ነው። ቁጥሩ በአገር ቤት አቆጣጠር እንደተጻፈ መኪናው ያለ ምስክር አረጋገጠ ማለት ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ በ1940ዎቹ እአአ የተሠራ መኪና፣ "1948" የሚል ጽሑፍ፣ እንዲሁም ለሁለቱም አቆጣጠር የሚስማማ አለባበስ ያለበት ፎቶ ሲገኝ፣ መኪናው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ሌላ ምስክር መፈለግ የግድ ይሆናል።

በነገራችን ላይ የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል ለገበያ የሚያወጡት ከመስከረም ጀምሮ ባሉት ወራት ነበር። የ1955 ሼቭሮሌት ለሕዝብ የቀረበው በ1954 መገባደጃ ነው። የዲትሮይት አዲስ ዓመት ከእንቁጣጣሽ ጋር ይቀራረብ ነበር ማለት ነው። የሞዴል ዓመትንና የሽያጭ ዓመትን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው በዚህ ብቻ አንድ ዓመት ሊሳሳት ይችላል።

የቮልስ የኋላ መስኮት

ሁሉም ኩባንያ ግን እንደ አሜሪካኖቹ በየዓመቱ አልተለወጠም። በኢትዮጵያ "ቮልስ" በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ቮልስዋገን ቢትል እስከ 2003 እአአ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም አንድ ነው። አፍቃሪዎቹ ግን ከኋላ የተነሳ ፎቶ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። እስከ መጋቢት 1953 እአአ ድረስ የተሠሩት የኋላ መስኮታቸው በመሐል ብረት ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ እስከ 1957 ክረምት ያሉት አንድ ሞላላ መስኮት አላቸው። ከነሐሴ 1957 ጀምሮ መስኮቱ ሰፋ ብሎ ወደ አራት ማዕዘን ተጠጋ። ከፊት በኩል ደግሞ መብራቶቹ ለረጅም ዓመታት ከፓራፋንጎው ጋር ወደኋላ ያዘነበሉ ሲሆኑ፣ ቀጥ ብለው መቆም የጀመሩት በ1960ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ መኪና በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከመጓጓዣነት ያለፈ ቦታ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነግሯቸው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት ረጃጅም በሆኑት የክብር መኪኖቻቸው ሳይሆን በቮልስዋገን ነበር። ያን ቀን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ስለ አዋጁ ቃል ባይነግርዎ ስለ መኪናው ይነግርዎታል።

ጣሊያን ሠራሾቹም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ፊያት 600፣ በአዲስ አበባና በአሥመራ ነዋሪዎች አፍ "ሴይቼንቶ"፣ በ1955 እአአ ሲወጣ በሮቹ የሚከፈቱት ከፊት በኩል ነበር፤ ማጠፊያቸው ከኋላ ነው። ከ1964 ጀምሮ ማጠፊያው ወደ ፊት ዞረ። ታናሹ ፊያት 500 ይህንኑ ለውጥ ያደረገው በ1965 ነው። ስለዚህ በሩን ከፍቶ የቆመ ሰው ያለበት ፎቶ በሩን ዘግቶ ከቆመው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የጣሊያን አሻራ በመኪኖቹ ላይ ብቻ አልቀረም። ጎማ፣ ታርጋ፣ ፍሬን፣ ፓራፋንጎ፣ ሊብሬ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። "ፍሬቻ" በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ዛሬ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት የምንጠራበት ይህ ስም ትርጉም የሚሰጠው የ1940ዎቹንና የ1950ዎቹን መኪኖች ሲያዩ ነው፤ ሹፌሩ ሊታጠፍ ሲል ከመኪናው ጎን እንደ ቀስት ብቅ የምትል ትንሽ ክንድ ነበረቻቸው። በፎቶ ላይ ክንዷ ተዘርግታ ከታየች መኪናው ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

የአውሮፓው ስሌት የማይሠራበት ቦታ

እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ትልቅ ገደብ አለበት፤ ብዙ የተሳሳቱ መግለጫዎች የሚመነጩትም ይህን ገደብ ከመዘንጋት ነው። መኪናው የሚናገረው ፎቶው ከየትኛው ዓመት በፊት እንዳልተነሳ ነው። ከየትኛው ዓመት በኋላ እንዳልተነሳ ግን አይናገርም።

በለንደን ወይም በሚላን ጎዳና የተነሳ ፎቶ ላይ ከሚታዩት መኪኖች አዲሱን ፈልጎ ሁለት ሦስት ዓመት መጨመር ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ በዚያ አሮጌው ቶሎ ይጣላልና። በአፍሪካ ቀንድ ግን መኪና አይጣልም። ሞተሩ ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይወጣል። ላሜራው ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል። አሥመራ ውስጥ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እአአ የተሠሩ ፊያቶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የዕለት ሥራቸውን ሲሠሩ ታይተዋል። በአዲስ አበባ ጎዳናም ከባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጥ ቮልስ ማየት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የ1957 ሥሪት የሆነ መኪና ያለበት የአሥመራ ፎቶ በ1957፣ በ1977 ወይም በ1997 የተነሳ ሊሆን ይችላል። "መኪናው የ1957 ስለሆነ ፎቶው የ1957 ነው" የሚለው ድምዳሜ ነፃነትን፣ አብዮትንና ጦርነትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘሎ ሊያልፍ ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። ረጅም ዕድሜ የኖረ መኪና የራሱን አካል ብቻ ይዞ አይኖርም። የ1962 ቮልስ ተጋጭቶ የ1970 ፓራፋንጎና መብራት ሊገጠምለት ይችላል። ፓራውልቱ ከሌላ መኪና፣ ቸርኬው ከሦስተኛ ሊመጣ ይችላል። የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች የአውቶቡስ አካል ሠርተው ሲጭኑበት የፋብሪካውን መልክ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት የሠለጠነ ዓይን ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት መብራቱንና ጌጡን አይደለም። የሚያዩት ለመቀየር የሚከብደውን ነው፦ የመስኮቱን ክፍተት ቅርጽ፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የጣሪያውን መስመር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት።

የኋለኛውን ወሰን ለማግኘት ከመኪናው ወጥቶ ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የመንገዱን ያህል የሚረዳ የለም። ኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚነዳበትን ጎን ከግራ ወደ ቀኝ የቀየረችው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1964 መሆኑ ነው። ሱዳንም በ1973 እአአ ተመሳሳይ ለውጥ አድርጋለች። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ዛሬም በግራ ይነዳሉ። የአዲስ አበባን ጎዳና የሚያሳይ ፎቶ ላይ መኪኖች የግራውን ጠርዝ ይዘው በሰልፍ የሚሄዱ ከሆነ፣ ፎቶው ከለውጡ በፊት የተነሳ ነው ለማለት ጠንካራ ምክንያት ይገኛል።

ጠንካራ እንጂ የመጨረሻ አይደለም። የፊልሙ ኔጋቲቭ ተገልብጦ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀኝ ግራ ይሆናል። ይህን የሚያጋልጡት በፎቶው ውስጥ ያሉ ጽሑፎች ናቸው። የሱቅ ማስታወቂያና የታርጋ ቁጥር በትክክል የሚነበቡ ከሆነ ፎቶው አልተገለበጠም። ጽሑፍ በሌለበት የኮት ቁልፍ ይታያል፤ የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ተደርቦ ይቆለፋልና።

ሕንፃዎችም ይረዳሉ። በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1961 እአአ በመሆኑ፣ ከጀርባ እሱ የሚታይበት ፎቶ ከዚያ ወዲህ የተነሳ ነው። አሥመራ ላይ አውሮፕላን የሚመስለው የፊያት ታልዬሮ ነዳጅ ማደያ በጁሴፔ ፔታሲ ንድፍ የተሠራው በ1938 ነው። ከተማዋ በ2017 እአአ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከታወቁት ምልክቶቿ አንዱ እሱ ነበር። የነዳጅ ኩባንያ አርማም ዕድሜ አለው፤ ስድስት እግር ያለው የጣሊያኑ አጂፕ ውሻ የተወለደው በ1952 ነው። ማደያው ላይ ውሻው ከታየ ፎቶው የጣሊያን ቅኝ ግዛት ዘመን ፎቶ ሊሆን አይችልም፤ የቱንም ያህል "የሙሶሊኒ ዘመን አሥመራ" ተብሎ ቢሰራጭ።

ስሙ የተጻፈ መኪና

ከምሥራቅ አፍሪካ ፎቶዎች ሁሉ ለመለየት የሚቀሉት የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ፎቶዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውድድሩ በ1953 እአአ የእንግሊዟን ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ዘውድ መድፋት ምክንያት አድርጎ ሲጀመር "የዘውድ ሳፋሪ" ይባል ነበር። በ1960 "የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ" ሆነ፤ በ1974 ደግሞ "ሳፋሪ ራሊ" ተባለ። በመኪናው ላይ የተለጠፈው ስም ራሱ ዘመኑን ከሦስት ይከፍለዋል። በዚያ ላይ በሩ ላይ የተወዳዳሪ ቁጥር አለ፤ ታርጋውም ይታያል። የኬንያ ታርጋ በኬ፣ የኡጋንዳ በዩ ፊደል ስለሚጀምር መኪናው ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

የእነዚህ ሁሉ ጥምረት ጭቃ የሸፈነውን መኪና ከነሹፌሩ ያስለያል። "በራሪው ሲክ" የተባለው ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በ1965 ያሸነፈው በቮልቮ ፒቪ 544 ነበር፤ በ1974 እና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር። የፒቪ 544 ቀዳሚ የሆነው 444 የፊት መስታወቱ በመሐል ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ 544ቱ አንድ ወጥ ጎባጣ መስታወት አለው። ፔጆ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ይህ መኪና በገጠር መንገድ ላይ ለምን ለረጅም ዓመታት እንደተወደደ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከማስታወቂያው ይልቅ የእነዚያን ዓመታት ፎቶዎች ቢያይ ይሻለዋል።

ኬንያ ለዚህ ፍቅር ቋሚ መድረክም አላት። በናይሮቢ ንጎንግ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ የሚካሄደው የአሮጌና የተዋቡ መኪኖች ውድድር ከ1970 እአአ ጀምሮ የቆየ ነው። ባለቤቶች መኪናቸውን ወደ ቀድሞ መልኩ ሲመልሱ የሚመሩት በአሮጌ ፎቶ ነው። አንድ ጌጥ የት እንደነበረ፣ ስፖኪዮው በፓራፋንጎ ላይ ነበር ወይስ በበሩ ላይ፣ ፖርቶ መጋላ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን የሚፈታው ፎቶው ነው።

የመጀመሪያው መኪና የቱ ነው?

በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበዛው ክርክር ስለ መጀመሪያው መኪና ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መኪና ያዩት በ1900 ዓ.ም. እንደሆነ በሰፊው ይታወቃል። ብዙም የማይነገረው በወራት ልዩነት ሁለት መኪኖች አዲስ አበባ መግባታቸው ነው። አንዱ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ያመጣው ሲድሌይ ነው። ሌላው ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ያመጣው፣ በሳክሶኒ ግዛት ኮስቪግ ከተማ የተሠራው ናኬ ነው። የጅቡቲ ባቡር ገና አዲስ አበባ ስላልደረሰ ሁለቱም ጉዞዎች በረሃና ዳገት የተሞሉ ነበሩ።

"የምኒልክ መኪና" ተብሎ የሚዘዋወር ፎቶ ሲያጋጥም፣ ጥያቄው "ምኒልክ አሉበት ወይ?" የሚል ብቻ መሆን የለበትም። የራዲያተሩ ቅርጽ፣ የኮፈኑ ርዝመት፣ የመቀመጫው አደራደርና የጎማው ዘንጎች ብዛት ከሁለቱ ኩባንያዎች የዘመኑ ምርቶች ጋር መነጻጸር አለበት። የሁለቱ መኪኖች ታሪክ ተቀላቅሎ ሲነገር የሚጠፋው የአንድ ባዕድ መንገደኛ ስም ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝና ጀርመን በዚያ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ሲፎካከሩ የነበረው ፉክክርም አብሮ ይጠፋል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 እአአ ባሳተሙት የቀድሞ ኢትዮጵያ ፎቶዎች መጽሐፍ ያሳዩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ፎቶ ማን አነሳው፣ ለማንስ አነሳው የሚለው ጥያቄ የምስሉ አካል መሆኑን ነው።

መኪናው ታወቀ፤ ሰውየውስ?

የዚህ ፍቅር ደካማ ጎን እዚህ ላይ ይታያል። በቅኝ ግዛትና በወረራ ዘመን የተነሱ ብዙ ፎቶዎች መግለጫቸው ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሰዎቹ አይደለም። የጭነት መኪናው ሥሪት፣ መንገዱና የደረሰበት ከተማ ተጽፏል። መሪውን የያዘው፣ ጎማውን ከጭቃ የሚገፋው፣ ድንጋይ የሚፈልጠው ሰው ስም ግን የለም። የዛሬ አፍቃሪዎች የመኪናውን ወር ሳይቀር ለይተው ሰውየውን "ሹፌር" ብለው ሲያልፉት፣ የዚያን ዘመን መግለጫ ጸሐፊዎች ስህተት እየደገሙት ነው።

ነገሩን ማስተካከል አይቻልም ማለት ግን አይደለም። የመኪናው ስም ብዙ ጊዜ የሰዎችን ማስታወስ ይከፍታል። "ይህ ሰው ማን ነው?" ሲባሉ ዝም የሚሉ አዛውንት "ይህ ኤንትሬ የማን ነበር?" ሲባሉ የጋራዡን ስም፣ የባለቤቱን አባት ስም፣ መኪናው የተገለበጠበትን ገደል ሊጠሩ ይችላሉ። ኤንትሬ የሚባለው የፊያት 682 ዝርያ የሆነው የጭነት መኪና ነው፤ ስሙ የመጣው በላዩ ከተጻፈው ኤን 3 ከሚለው ምልክት ነው። ብዙ የሹፌርና የረዳት ቤተሰቦች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት በንጉሥ ወይም በመንግሥት ሳይሆን "ኤንትሬውን በያዘበት ጊዜ" እያሉ ነው። የቤተሰብ ፎቶዎችን ከባለቤቶቻቸው ትረካ ጋር አሰባስቦ በመጽሐፍ ያወጣው "ቪንቴጅ አዲስ አበባ" የተባለው ሥራ የተወደደው ምስሉን ከሚያውቀው ሰው ቃል ጋር ስላቀረበ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻ ሌላም ነገር አለ። መኪና ተደግፎ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ የመኪናው ባለቤት አይደለም። መኪና ብርቅ በነበረበት ዘመን የጌታው መኪና አጠገብ የሚነሳ ሹፌር፣ የጋራዥ ሠራተኛ፣ የዘመድ መኪና ለሠርግ የተዋሰ ሙሽራ፣ በመንገድ ዳር የቆመ መኪና አይቶ ፎቶ አንሺ የጠራ ተማሪ ብዙ ነው። "አያታችን መኪና ነበራቸው" የሚለው የቤተሰብ ትረካ ታርጋው በማጉያ መነጽር ሲነበብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ለአንዳንዱ ቅሬታ ነው። አያት የዚያ መሥሪያ ቤት ሹፌር እንደነበሩ ከዚያው ፎቶ ለሚያውቅ የልጅ ልጅ ግን ሥራቸውን፣ ምናልባትም የጡረታ ሰነዳቸውን ለመፈለግ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው።

ቀለም የተቀባና የተፈበረከ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አዲስ ችግር ተጨምሯል። ጥቁርና ነጭ ፎቶዎችን ቀለም የሚቀቡ ፕሮግራሞች ለመኪናው የሚሰጡት ቀለም ግምት ነው። በጥንቶቹ ፊልሞች ላይ ደግሞ ቀይ ነገር ወደ ጥቁርነት፣ ሰማያዊ ወደ ነጭነት ስለሚያደላ፣ ጥቁር የሚመስለው መኪና ቀይ የነበረ ሊሆን ይችላል። ቀለም በተቀባ ፎቶ ተመርቶ መኪናውን የሚያድስ ሰው ኮምፒውተር የገመተውን እንጂ መኪናው የነበረውን መልክ አይመልስም።

ከዚህ የሚብሰው ከባዶ የተፈበረከው ምስል ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ "የጥንት አዲስ አበባ" ወይም "የ1930ዎቹ ሞቃዲሾ" ምስሎች ከእውነተኛ ፎቶዎች ጋር ተቀላቅለው ይዘዋወራሉ። የመኪና አፍቃሪዎች እነዚህን ከታሪክ ምሁራን ቀድመው ሲለዩ ይታያል፤ ምክንያቱም ማሽኑ የሰውን ፊት ከመኪና አካል በተሻለ ይሠራል። የአንድ ጎማ ዘንጎች ከሌላው በቁጥር ይለያሉ። የቀኙ መብራት ከግራው አይመሳሰልም። ፊቱ የፎርድ፣ ጀርባው የመርሴዲስ የሆነ መኪና ይታያል። በሩ ማጠፊያ የለውም። ታርጋው ላይ ፊደል የሚመስሉ ግን በየትኛውም ቋንቋ የማይነበቡ ጭረቶች አሉ፤ የግዕዝ ፊደል ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ይበልጥ ይጎላል። ይህ ድክመት እየተሻሻለ መሄዱ አይቀርም። በመሆኑም "ይህ ፎቶ ከየት መጣ? ዋናው ወረቀት በማን እጅ ነው?" የሚለው ጥያቄ ከመኪናው ሥሪት በፊት መጠየቅ አለበት።

ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች የፎቶውን ፊት ብቻ ሲላክላቸው የማይረኩት። ጀርባውን ይጠይቃሉ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የወረቀቱ አምራች ምልክት፣ የእጅ ጽሑፉ ሁሉ እዚያ ነው። በአልበሙ ውስጥ ከጎኑ የነበሩት ፎቶዎችም ይፈለጋሉ፤ አንድ ጥቅል ፊልም በአንድ ወቅት የሚያልቅ በመሆኑ ጎረቤቱ ፎቶ የሌላውን ቀን ይመሰክራል። ጠርዙን ለማስተካከል ተብሎ የሚቆረጠው የምስሉ ዳር ብዙ ጊዜ የሌላ መኪና መብራት ወይም የታርጋ ግማሽ የያዘ ነው።

መኪናው ራሱ ዛሬም በሕይወት ካለ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከፎቶ የማይገኘውን ይሰጣል። ለምሳሌ በቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን የአሮጌ መኪኖች ሙዚየም፣ የሻንሲ ቁጥር ለሚያቀርብ ባለቤት መኪናው መቼ እንደተመረተና ሲወጣ ምን ቀለም እንደነበረው የሚገልጽ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ይህን ሥራ የሚያጣድፈው ደግሞ የመኪኖቹ ቁጥር መመናመኑ ነው። ኢትዮጵያ በ2020 እአአ ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥላለች፤ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክላለች። ኬንያም ከስምንት ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ያገለገለ መኪና እንዲገባ አትፈቅድም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ሸራ ለብሰው የቆሙት ቮልሶች፣ ሴይቼንቶዎችና ፔጆዎች ሌላ አምሳያቸው ከውጭ አይመጣም። አንዱ ለቁርጥራጭ ብረት በተሸጠ ቁጥር የሻንሲ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ብዙዎቹ ሲሸጡ ሊብሬያቸው ከነፎቶው በአንድ ፖስታ ውስጥ፣ በሌላ ሰው ሳጥን ሥር ይቀራል።